የሐኪሞች ቃልና የተማሪዎች ማኅበር፦ ከሐርቫርድ 1920 እስከ ሚዙሪ 1978

በ1973 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በሰየመው አንድ መርማሪ ፊት ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ቃላቸውን ሰጥተዋል። አንደኛው ከመኒንገር ተቋም የመጡት ዶክተር ሃሮልድ ቮት፣ ሁለተኛው የኒውዮርኩ ዶክተር ቻርልስ ሶካሪደስ ነበሩ። በፊታቸው የቀረበ ሕመምተኛ አልነበረም። የተጠየቁት ራሳቸውን «ጌይ ሊብ» ብለው የሰየሙ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ተማሪዎች እንደ ሌሎቹ የተማሪ ማኅበራት ሁሉ ዕውቅና አግኝተው በዩኒቨርሲቲው አዳራሾች ቢሰበሰቡ ምን ይከተላል ተብለው ነው። የሁለቱም መልስ ድርጊቱ ይስፋፋል የሚል ነበር። ዶክተር ሶካሪደስ እንዲያውም እነዚህ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሥፍራ ሁሉ ድርጊቱ መጨመሩ አይቀርም እስከማለት ደርሰዋል።

ተማሪዎቹ ማመልከቻቸውን ያስገቡት በ1971 ነበር። ዓላማቸውን ሲገልጹ በጉዳዩ ላይ በነጻነት የሚወያዩበት መድረክ ለማግኘት፣ ለሕዝብ ትክክለኛ መረጃ ለመስጠት፣ ጭፍን ጥላቻን ለመቀነስ፣ እንዲሁም በፍርሃትና በብቸኝነት የሚኖሩ ጓደኞቻቸውን ለመርዳት እንደሆነ ጽፈዋል። የተማሪዎቹ ምክር ቤት ጥያቄውን ተቀበለው፤ ከእሱ በላይ ያሉት ኃላፊዎች ግን አልተቀበሉትም። ጉዳዩ ከዲኑ ወደ ቻንስለሩ፣ ከቻንስለሩ ወደ ፕሬዚዳንቱ እያለ በመጨረሻ ከዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ዘንድ ደረሰ። ቦርዱም በ1973 መገባደጃ ላይ ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ከምክንያቶቹ አንዱ በግዛቲቱ በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የወንጀል ሕግ ነው። ከመርማሪው የድምዳሜ ነጥቦች መካከል ግን የጤና ባለሙያን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ሌላ ነው። ይኸውም ተማሪዎቹ እርስ በርስ መመካከራቸው የማይፈለግ ነው፤ ምክንያቱም የታመመ ሰው እንደ እርሱ ለታመመ ሰው አማካሪ ሊሆን አይገባም የሚለው ነጥብ ነው። ተማሪዎቹ ለመረዳዳት ያሰቡበት መንገድ በበሽታ ስም ተዘጋ ማለት ነው። ቃሉን ለቦርዱ ያዋሰው ደግሞ ሕክምና ነበር።

በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ሐኪም ከአስተዳዳሪዎች ጎን ሲሰለፍ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በግንቦት 1920 በሐርቫርድ ኮሌጅ ይማር የነበረ አንድ ወጣት በቤተሰቡ መኖሪያ ሳለ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ከሞቱ በኋላ የደረሱትን የጓደኞቹን ደብዳቤዎች ወንድሙ አንብቦ ለኮሌጁ ዲን አሳወቀ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አቦት ሎረንስ ሎዌልም ጉዳዩን የሚያጣራ አምስት አባላት ያሉት አካል በምሥጢር እንዲቋቋም አደረጉ። ይህ አካል በሰነዶቹ ላይ «ፍርድ ቤት» ተብሎ ይጠራል። ተማሪዎች አንድ በአንድ እየተጠሩ ስለ ግል ሕይወታቸው፣ ስለ ወዳጆቻቸውና ስለ ሚያነቧቸው መጻሕፍት ሳይቀር ተጠየቁ። ጥፋተኛ የተባሉት ከትምህርት ገበታቸው ብቻ ሳይሆን ከካምብሪጅ ከተማም እንዲወጡ ታዘዙ። ከዚያም በኋላ ሥራ ሊቀጥራቸው የሚፈልግ ወገን ስለ ጠባያቸው ሲጠይቅ ዩኒቨርሲቲው መልካም ቃል እንዳይሰጥ በመዝገባቸው ላይ ማስታወሻ ተጽፎ ነበር። ከተጠረጠሩት መካከል አንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ በሰኔ ወር በዩኒቨርሲቲው የሕሙማን ማረፊያ ውስጥ ሳለ እሱም ሕይወቱን አጠፋ።

ከአምስቱ ዳኞች አንዱ ሐኪም ነበሩ። እኚህ ሰው የሃይጂን ፕሮፌሰሩ ዶክተር ሮጀር ሊ ሲሆኑ በሕክምና ትምህርት ያለፈ ሁሉ ስማቸውን ሳያውቀው አልቀረም፤ በ1913 ከዶክተር ፖል ኋይት ጋር ሆነው ደም የሚረጋበትን ጊዜ መለኪያ ዘዴ ያስተዋወቁት «ሊ» እሳቸው ናቸው። ከብዙ ዓመታት በኋላም የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ክፉ ሰው እንደነበሩ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ የዘመናቸው ሐኪም ነበሩ። ይሁን እንጂ ለተማሪዎች ጤና የሚቆረቆረው የትምህርት ዘርፍ ፕሮፌሰር ከከሳሾች ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ የተጨነቀ ተማሪ ምሥጢሩን ለሐኪም ሊያካፍል የሚችልበት በር በዚያች ዕለት እንደ ተዘጋ መገመት አያዳግትም። የዚህ ችሎት ሰነዶች ሰማንያ ዓመት ያህል በቤተ መዛግብት ተቆልፎባቸው ቆይተው በ2002 የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጋዜጣ «ሐርቫርድ ክሪምሰን» ይፋ ባደረጋቸው ጊዜ፣ ፕሬዚዳንቱ ሎረንስ ሰመርስ በድርጊቱ ማዘናቸውን ገልጸዋል።

በሐርቫርድ የተሠራው በነውር ስም ነበር። ነውሩ የሕክምና ስም ያገኘው ቆይቶ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1952 ባወጣው የመጀመሪያው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ግብረ ሰዶማዊነት ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር የተቃወሰ ስብዕና ከሚባሉት ሕመሞች ተርታ ተመድቦ ነበር። ለዚህ ምደባ መነሻ የሆኑት ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት እርዳታ ፈልገው ወደ ሐኪም በመጡ ወይም በእስር ቤት በነበሩ ሰዎች ላይ ነው። የስህተቱ ሥር ይኸው ነው፤ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ብቻ የተሠራ ጥናት ከሆስፒታል ውጭ ያለውን ሕዝብ ሊገልጽ አይችልም።

ይህን ስህተት በማስረጃ ያሳዩት የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኤቭሊን ሁከር ናቸው። ወደ ጥናቱ የገፋፋቸው በሎስ አንጀለስ ያስተማሩት አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ነበር፤ እሱና ጓደኞቹ ሕመምተኞች እንዳልሆኑ ያውቃልና እኛን ማጥናት የእርስዎ ግዴታ ነው እያለ ወተወታቸው። ሁከርም ሕክምና የማይከታተሉ ሠላሳ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶችንና በዕድሜ፣ በትምህርትና በአእምሮ ብቃት መለኪያ የሚመሳሰሏቸውን ሠላሳ ሌሎች ወንዶች መርጠው፣ የሮርሻክን የቀለም ጠብታ ፈተና ጨምሮ በዘመኑ የሚታመንባቸውን የሥነ ልቦና ፈተናዎች ሰጧቸው። ውጤቱ የማን እንደሆነ ሳይነገራቸው ለታወቁ ሊቃውንት ቀረበ። ሊቃውንቱ የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት አልቻሉም፤ በአእምሮ ጤንነት ደረጃም በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኙም። ጥናቱ በ1957 ታተመ። ጥያቄው ከተማሪ መምጣቱ ሊዘነጋ አይገባም።

ከዚህ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው ተነሡ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የተማሪዎች ማኅበር በሚያዝያ 1967 ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ፤ በአሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲው የአባላት ስም ዝርዝር ይቅረብልኝ ማለቱ ትልቅ እንቅፋት ሆኖ ነበር። ስሙን ያስመዘገበ ሰው ሥራውንም ቤተሰቡንም ሊያጣ ይችላልና መሥራቹ ራሱ በሐሰት ስም ይጠራ ነበር። ችግሩ የተፈታው ሌሎች በግቢው የታወቁ ተማሪዎች ስማቸውን በማዋሳቸው ነው። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ በጉዳዩ ላይ የሊቃውንት ውይይት በተዘጋጀ ጊዜ የማኅበሩ አባላት በራፉ ላይ ተሰልፈው ተቃውሞ አሰሙ፤ ሐኪሞች ስለ እኛ ሲነጋገሩ ከእኛም ጋር ይነጋገሩ ነበር የሚሉት። ለሕክምና ተማሪ ጆሮ እንግዳ የሆነ ጥያቄ አይደለም፤ ታሪክ ሳይወስዱ ምርመራ አይጻፍም ተብሎ የሚማረው እሱ ነውና።

በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1971 ለእነዚህ ተማሪዎች ጠበቃና አማካሪ የሚሆኑ ሁለት ባልደረቦች በትርፍ ሰዓት ተቀጠሩ። ደመወዙ ትንሽ፣ ቢሮውም ጠባብ ነበር። ቢሆንም አንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ በጀት እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀምር በሀገሪቱ ቀዳሚው እንደሆነ ይነገርለታል። ሚዙሪ ላይ ማመልከቻው የቀረበውም በዚያው ዓመት ነው።

በሐኪሞች ማኅበር ውስጥ የነበረው ፍርሃት ከተማሪዎቹ ያነሰ አልነበረም። በግንቦት 1972 በዳላስ ከተማ በተደረገው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ አንድ ሐኪም ጭምብል አጥልቀው፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍተውና ድምፅ በሚለውጥ ማይክሮፎን እየተናገሩ ቀረቡ። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆናቸውንና እንደ እሳቸው ያሉ ብዙ የማኅበሩ አባላት በመካከላቸው እንዳሉ ለተሰብሳቢው ነገሩት። ስማቸው ዶክተር ጆን ፍራየር እንደሆነ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ቀደም ሲል በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ሳሉ በዚሁ ምክንያት ከነበሩበት ዩኒቨርሲቲ እንዲለቁ ተገድደው ነበርና ጭምብሉ ለትርዒት የተደረገ አልነበረም።

የማኅበሩ የሥራ አመራር ጉባኤ በታኅሣሥ 15 ቀን 1973 ግብረ ሰዶማዊነትን ከበሽታዎች ዝርዝር አወጣ። የሚዙሪ ቦርድ ተማሪዎቹን በሽተኞች ብሎ ከወሰነ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። ውሳኔው እንዲሻር ፊርማ ካሰባሰቡት መካከል ዋነኛው እኒያው የሚዙሪ ምስክር ዶክተር ሶካሪደስ ነበሩ። በ1974 በተሰጠው የአባላት ድምፅ ግን 58 በመቶው ውሳኔውን ደገፈ። በሽታ በድምፅ ብልጫ ይወሰናልን ብለው የሚሳለቁ ሰዎች ዛሬም አይጠፉም። ሳይንሱ የተመዘነው ቀደም ብሎ በቀረቡት ጥናቶች ነው፤ ድምፁን የጠሩትም ውሳኔው ያላስደሰታቸው ወገኖች ነበሩ።

ሚዙሪ ላይ ግን የቀድሞው የምርመራ ቃል ከመመሪያው ከወጣ በኋላም ሥራውን አላቆመም። በ1976 የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ። ተማሪዎቹ ይግባኝ አሉ። በ1977 የስምንተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ዶናልድ ሌይ የሐኪሞቹን ምስክርነት መርምረው፣ በጥናት ያልተደገፈ ግምት የዜጎችን የመሰብሰብ መብት አስቀድሞ ለመከልከል አይበቃም አሉ። ከእሳቸው ጋር የተስማሙት ዳኛ ዊልያም ዌብስተር ኋላ የኤፍ.ቢ.አይ. ኃላፊ የሆኑት ናቸው።

ዩኒቨርሲቲው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሄድም በየካቲት 1978 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። በዚህ ያልተስማሙት ዳኛ ዊልያም ሬንኩዊስት የጻፉት ሐተታ ለጤና ባለሙያዎች ትኩረት የሚስብ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አኳያ ሲታይ ጥያቄው የኩፍኝ ሕመምተኞች ተለይተው እንዲቀመጡ የሚያዘው ሕግ እንዲሻር ለመቀስቀስ ሲሉ፣ ያንኑ ሕግ ጥሰው እርስ በርሳቸውና ከጤነኞች ጋር ሊሰበሰቡ መብት አላቸውን እንደማለት ነው አሉ። ኩፍኝ በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ የመተላለፊያ መንገዱ፣ የመፈልፈያ ጊዜውና ሕመምተኛው ተለይቶ የሚቆይበት የቀን ብዛት ይታወቃል። የሰው ፍቅር በውይይት ክፍል ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ ያሳየ ሐኪም በሚዙሪ መዝገብ ውስጥ አልተገኘም። ንጽጽሩ ግን ዳኛው ከባዶ የፈጠሩት አልነበረም፤ ከሐኪሞቹ ምስክርነት የተቀዳ ነው። በሐተታው ላይ አብረው የፈረሙት ዳኛ ሃሪ ብላክመን ቀደም ሲል የማዮ ክሊኒክ የሕግ አማካሪ ሆነው የሠሩ ሰው ሲሆኑ፣ በ1986 በሌላ ክስ ላይ ከአብዛኞቹ ዳኞች ተለይተው የእነዚህን ሰዎች መብት በመደገፍ ጽፈዋል። የሚዙሪ ግዛት የወንጀል ሕግ ራሱ ውድቅ የሆነው በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቴክሳስ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ነው።

ተማሪዎቹ ዕውቅናቸውን በ1978 አገኙ። ማመልከቻውን ከጻፉት አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው የሄዱበት ጊዜ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 1990 ባጸደቀው አሥረኛው የበሽታዎች ምደባ ይህን ስም ከዝርዝሩ አስወጣ። በእነዚህ ወጣቶች ላይ ከሌሎች እኩዮቻቸው ይልቅ የመንፈስ ጭንቀትና ራስን የማጥፋት ሙከራ በብዛት መታየቱ ግን አልቀረም። ለዚህ ኢላን ሜየር በ2003 ያቀረቡት ማብራሪያ ሰፊ ተቀባይነት አግኝቷል፤ መነሻው ተፈጥሯቸው ሳይሆን መገለል፣ መናቅ፣ ራስን መሸሸግና ይታወቅብኝ ይሆን እያሉ በሥጋት መኖር የሚያስከትሉት የማያቋርጥ ውጥረት ነው ይላሉ። በዚህ ዓይን ሲታይ የሚዙሪ ቦርድ የከለከለው የተማሪዎች ምክክር ውጥረቱን ከሚያቀልሉት ነገሮች አንዱ ነበር።

ከሚቺጋን በኋላ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለእነዚህ ተማሪዎች ልዩ ጽሕፈት ቤቶች ተከፈቱ። የቴክሳስ ግዛት በ2023 ያወጣው ሕግ ግን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የብዝኃነት ጽሕፈት ቤቶችን ስለከለከለ፣ የሂውስተን ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት የእነዚህን ተማሪዎች ማዕከል ዘጋ። ሕጉ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል በክልከላው ውስጥ ካላካተታቸው ነገሮች አንዱ ተማሪዎች ራሳቸው አቋቁመው የሚያስመዘግቧቸው ማኅበራት ናቸው። ደመወዝ የሚከፈለው አማካሪ በሄደበት ግቢ ውስጥ የቀረው የሚዙሪ ተማሪዎች ሰባት ዓመት የተሟገቱለት ነገር ነው፤ አንድ ክፍል፣ ጥቂት ወንበሮችና በሳምንት አንድ ቀን እርስ በርስ የሚመካከሩ ተማሪዎች።