የዉጀን አቡጀዲ

የቻይናዋ ዉጀን እስከ 1950 ድረስ ሁለት ከተማ ነበረች (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። መሀሏን የሚሰነጥቀው የገበያው ወንዝ ድንበር ሆኖ፣ ምዕራቡ ዳርቻ ዉጀን ተብሎ ለሁጆ፣ ምሥራቁ ቺንግጀን ተብሎ ለጂያሺንግ ይገብር ነበር። ድልድይ ተሻግሮ ጨው የገዛ ሰው ከአንዱ ግዛት ሌላው ደርሶ ተመለሰ ማለት ነው። ግብሩ ቢለያይም ገበያው አንድ ነበር። ከቤይጂንግ እስከ ሃንግጆ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ታላቁ ቦይ በአጠገቧ ያልፋል፤ ይህን የደቡቡን ክፍል በ610 ያስቆፈረው የሱዊ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ያንግ ነው። እህሉም ሐሩም በዚያ ወደ ሰሜን ይጫን ነበር። ቤቶቹ ፊታቸውን ለመንገዱ፣ ጀርባቸውን ለውኃው የሰጡት በዚህ ምክንያት ነው፦ ደንበኛ በፊት በር ይገባል፣ ዕቃው ደግሞ ከጀልባ ወርዶ በጓሮው የድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ነጋዴ የሠራው ቤት መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

እኔም የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ዉጀን ባለችበት በጄጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ሻኦሺንግ ውስጥ ወዳለው ወደ ኬችያኦ የጨርቅ ገበያ ከአዲስ አበባ የምንመላለስ ብዙ ነን። እዚያ ጨርቅ የሚታየው በናሙና ነው፤ በጣት ይዳበሳል፣ ግራሙ ይጠየቃል፣ በዋጋ ይከራከሩበታል። የማን እጅ እንደሠራው ግን የሚጠይቅ የለም። ዉጀን የወሰደኝ ይህ ጥያቄ ነው።

የዉጀን ሰማያዊ ጨርቅ ሥራ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ጠንካራ ወረቀት በስለት እየተፈለፈለ አበባ፣ ወፍ፣ ዓሣ ይወጣበታል፤ ውኃ እንዳያበሰብሰው ቱንግ ከሚባል ዛፍ ፍሬ በተጨመቀ ዘይት ይቀባል። ወረቀቱ ነጭ አቡጀዲ ላይ ይነጠፍና በኖራ የተለወሰ የአኩሪ አተር ሊጥ በቀዳዳዎቹ ላይ ይለቀለቃል። ሊጡ ሲደርቅ ጨርቁ የቅጠል ቀለም በሞላው ጋን ይነከራል። ሲወጣ ሰማያዊ አይደለም፤ አረንጓዴ ነው። አየር ሲነካው፣ ዓይን እያየው ይለወጣል። ደጋግሞ ከተነከረና ከደረቀ በኋላ ሊጡ በቢላ ሲፋቅ ነጩ አበባ ከሥር ብቅ ይላል። የደረቀ ሊጥ ይሰነጠቃልና ቀለሙ በስንጥቁ ገብቶ በነጩ ላይ ቀጫጭን ሰማያዊ ሥሮች ይተዋል። በእጅ ከተሠራ የሁለት ጣቃ ሥር አይመሳሰልም። የማሽን ቅጂው ግን በየተወሰነ ርቀት ራሱን ይደግማል፤ ለገዢ ከዚህ የተሻለ መለያ አላውቅም።

ይህ የባላገር ጨርቅ ነበር፦ የሙሽራ ብርድ ልብስ ሽፋን፣ የእናት ሽርጥ፣ የሕፃን መጠቅለያ። በ1897 ጀርመኖች በፋብሪካ የተሠራ ሰማያዊ ቀለም ለገበያ አቀረቡ፤ በማሽን የታተመው ርካሽ ጨርቅም ሲስፋፋ ቅጠል አብቃዩና ቀለም ነካሪው አብረው ተጎዱ።

ስለ ምግቡ አጭር ነገር ልናገር። ከነጭ ሩዝ፣ ከነጭ ዱቄትና ከንጹሕ ውኃ የሚወጣ አረቄ አላቸው። በዱቄት፣ በስኳርና በሰሊጥ የሚሠራ ትንሽ ኬክም አለ፤ የአሳማ ስብ ስላለበት አልቀመስኩትም። ታሪኩን ግን ወድጄዋለሁ። ሴት ልጅ አግብታ ትወጣለች ተብሎ የቤቱ ሙያ ለምራት ብቻ ይነገር ነበር ይባላል። ልጅቱ ተከፍታ የወንድሟ ሚስት ባሰናዳችው ዱቄት ላይ ጨው ነሰነሰችበት፤ ኬኩ ከበፊቱ ይልቅ ጣፈጠና ገበያው ደራ።

ስለ ከተማዋ ይበልጥ ያስተማረኝ እዚያው በ1896 የተወለደው ደራሲ ማኦ ዱን ነው። በ1932 በጻፈው «የፀደይ የሐር ትሎች» አንድ ሽማግሌ ገበሬ ለትሎቹ የመልበሪ ቅጠል ለመግዛት ይበደራል። ምርቱ ይሰምርለታል፤ ግን ጦርነት የሐር ፋብሪካዎቹን ዘግቷቸዋል። ቤተሰቡ ምርቱን በጀልባ ጭኖ ሩቅ ከተማ ድረስ ይወስድና በርካሽ ሸጦ ከነዕዳው ይመለሳል። በቦዩ ላይ የምታልፈው የሞተር ጀልባ ማዕበሏ የገበሬዎቹን ጀልባ ሲያናውጥ ሽማግሌው በጥላቻ ያያታል። በዚያው ዓመት በጻፈው «የሊን ቤተሰብ ሱቅ» ደግሞ ገበሬው ገንዘብ ስለሌለው ባለሱቁ ሸቀጡን የሚገዛው ያጣል፣ ሹሞች ጉቦ ይጠይቁታል፣ አበዳሪዎች ይከቡታል። በመጨረሻ ይሰወራል፤ ጥሪታቸውን እሱ ዘንድ ያስቀመጡ ድሆች ሴቶች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ዱቤ ሰጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ በእርጋታ ሊያነበው አይችልም። የቻይናን ሐር በዓለም ገበያ የተጋፋችው ጃፓን በዚያው ሰሞን በጥጥ ጨርቋ የአዲስ አበባንም ገበያ ይዛ ነበር። አያቶቻችን በርካሽ የለበሱት ጨርቅ ከዚያችው ተፎካካሪ የመጣ ነው።

ዛሬ ምዕራቡ ሰፈር፣ ሺጃ፣ በትኬት የሚገባበት ነው። ነዋሪዎቹ እንዲለቁ ተደርጎ፣ የመብራት ሽቦው ከመሬት በታች ተቀብሮ፣ ቤቶቹ ታድሰው በ2007 ተከፈተ። እድሳቱ ጥሩ ነው፤ እንጨቱ ከመበስበስ ድኗል። ቢሆንም ሰው ወጥቶለት የዳነ ቤት ለእኔ ግማሽ ነው። ቀድሞ በ2001 የተከፈተውን ምሥራቁን ሰፈር፣ ዶንግጃን፣ የመረጥኩት እዚያ የቀሩ ቤተሰቦች ስላሉ ነው።

የከተማዋን አስጎብኚዎች የምለምነው አንድ ነገር አለኝ። ከቀለሙ ጋንና ከወረቀቱ አጠገብ የባለሱቁ የዱቤ መዝገብ ይቀመጥ፦ ማን ስንት ክንድ ወሰደ፣ ሐር ሲሸጥ እከፍላለሁ ያለው ማን ነው፣ የከፈለስ ማን ነው።