ዋስህ ማን ነው?

ስለ ኢትዮጵያ ባለጸጎች ታሪክ ሲነሣ ብዕራችን ዘወትር ወደ መኳንንቱ ርስት ያዘነብላል። ከባዶ ተነሥተው፣ በላባቸው ሀብት ስላፈሩት ሰዎች ግን የምንጽፈው ጥቂት ነው። ዛሬ ላነሣ የወደድሁት የእነዚህኞቹን፣ በተለይም የመርካቶን የጉራጌ ነጋዴዎች ነው።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ሲያቅድ የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። መርካቶ እንዲህ ተወለደች። ለማግለል የታሰበው ስፍራ ግን ለድኻው በር ከፈተ። ከጉራጌ ምድር የመጣው ወጣት በተሸካሚነት ወይም በሊስትሮነት ይጀምራል፤ ጥቂት ሲቋጥር ሱቅ በደረቴ ይዞ ይዞራል፤ ዓመታት ቆይቶ ጠባብ ሱቅ ይከፍታል።

መያዣ የሌለውን ሰው ባንክ አያበድረውም ነበር። ያበደረው ዕቁብ ነው። አባላቱ በየሳምንቱ እኩል ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ጠቅላላውን ይወስዳል፤ ነገር ግን ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም። ወለድም የለበትም። እንግዲህ የዚህ ነጋዴ ዋና ጥሪት ስሙ ነበር። ተራ ልብሱንና ቁጥብ ማዕዱን አይተው ንፉግ ያሉት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ቁጠባው ንፍገት አልነበረም እላለሁ፤ ዕቁቡን አንድ ሳምንት ያጓደለ ሰው ዋሱን ያዋርዳልና። ደግሞስ ንፉግ ቢሆኑ በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ ባላሠሩ ነበር።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በሐምሌ ወር የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 76 ለሀብት ጣሪያ አበጀለት፤ ቸርቻሪ ከ200,000 ብር፣ ጅምላ ነጋዴ ከ300,000 ብር፣ ኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር በላይ ካፒታል እንዳይኖረው ተከለከለ። የቤት ኪራይ በመቀነሱ ድኻው ተከራይ መደሰቱን መካድ አይገባም፤ ደስታው እውነተኛ ነበር። የአዋጁ ጥፋት ሌላ ነው፤ በጭሰኛ ጉልበት የከበረውንና ሱቅ በደረቴ ተሸክሞ የከበረውን በአንድ ሚዛን መዘነ።

መንግሥት ሕንፃውን ወረሰ፤ ዕቁቡን ግን ሊወርስ አልቻለም። ዕቁብ ግንብ የለውም፤ በሰዎች መካከል ያለ ቃል ነው። ደርግ ራሱ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ጣሪያውን ሲያነሣ፣ እንደገና ለመጀመር የፈለገ ነጋዴ ቃሉን አምነው የሚዋሱለትን ሰዎች አላጣም።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የማነሣው አሮጌ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ዛሬም ቋንቋችን በላቡ የከበረውንም በሹመኛ ጥግ የከበረውንም «ሀብታም» ብሎ በአንድ ስም ይጠራል። ሁለቱን ካልለየን፣ የሕዝብ ቁጣ በገነፈለ ቀን ሁለቱ አብረው ይነድዳሉ፤ በ1967ም የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ባለጸጋን «ስንት አለህ?» ከማለት በፊት በዕቁብተኛ ወግ «ዋስህ ማን ነው?» ብለን እንጠይቀው። ጎረቤቶቹን ከጠራ ሀብቱን ሕግ ይጠብቅለት። ባለሥልጣን ከጠራ ግን ሂሳቡ ይመርመር።