ካላ አዛር በጣና ዳርቻ፦ የመንገድና የዘረመል ሥሌት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የሊቦ ከምከም ወረዳ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚህ ወረዳ የተከሠተው የካላ አዛር ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር፤ በሽታው ቀድሞ በአካባቢው አይታወቅም ነበርና። ጥገኛ ተሕዋሱ ከሑመራና ከመተማ እርሻዎች በተመለሱ የቀን ሠራተኞች አማካይነት እንደገባ ይገመታል።

ይህን ግምት ለመመርመር ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ሰዎቹ በየት ተጓዙ? የተሕዋሱስ ዘር ከየት ይመዘዛል? የሁለቱ መፍቻ ሥሌቶች ዝምድና አላቸው። ኔዘርላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1956 በከተሞች መካከል አጭሩን መንገድ የሚያገኝ ዘዴ ነደፈ። ኒድልማንና ዉንሽ ደግሞ በ1970 ሁለት የፕሮቲን ቅደም ተከተሎችን ማነጻጸሪያ ዘዴ አሳተሙ፤ ይህም በሠንጠረዥ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የተሻለውን መንገድ እንደ መፈለግ ነው። በሁለቱም ዘዴዎች የምርጡ መንገድ እያንዳንዱ ክፍል ራሱ ምርጥ ስለሆነ፣ አንዴ የተሠላው ዳግም አይሠላም።

የሌይሽማንያ ዶኖቫኒ ጂኖም ግን ወደ 32 ሚሊዮን ፊደላት አሉት። ሙሉውን ሠንጠረዥ መሙላት አዳጋች በመሆኑ እጅግ ፈጣን ሥሌቶች አስፈለጉ። ሆኖም ኮምፒዩተር የሚያነጻጽረው የተሰጠውን ብቻ ነው። የሕመምተኛው የጉዞ ታሪክ በካርዱ ላይ ካልሰፈረ፣ የጂኖሙ ንባብ ብቻውን በሽታው የመጣበትን መንገድ አያመለክትም።