ጥለቱ የጠፋው ነጠላ

በ1999 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በአንድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ሥራ ተለማማጅ ነበርሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ አንዲት ሙሽራ ነበረች። በሠርጓ ዕለት ፋሲል ግንብ ሳይደርሱ ፀሐይ ስለጠለቀችባቸው፣ በማግሥቱ ቤቱ ውስጥ አረንጓዴ አንሶላ ሰቅለን ቀረጽናት። ግንቡን በኋላ ከጀርባዋ ልናቆምላት ነው። ኮምፒዩተሩን “አረንጓዴውን አጥፋ” ብዬ ሳዝዘው ታዲያ የነጠላዋ ጥለት አብሮ ጠፋ። አረንጓዴ ነበራ! በጥለቱ ቦታ የግንቡ ድንጋይ ብቅ አለ፤ ሙሽራይቱ ነጠላዋን በካብ ያስጠለፈች መሰለች። ባለቤቱ እስኪያነባ ሳቀ።

ነገሩ ከዚያ ወዲያ ነው የገባኝ። ለኮምፒዩተር ሥዕል ማለት የቁጥር ገበታ ነው። ራስል ኪርሽ የተባለ አሜሪካዊ በ1957 እ.ኤ.አ. የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገባ፣ ምስሉ በወርድም በቁመትም 176 ነጥብ ብቻ ነበረው። የኛ ቪዲዮ በወርድ 720፣ በቁመት 576 ነጥብ ይዟል። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር ይሰጠዋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሠሩ አራተኛ ቁጥር ጨመሩበት፤ ስሙንም አልፋ አሉት። አልፋ የሚናገረው ቀለም አይደለም፤ ነጥቡ ከኋላው ያለውን ምን ያህል እንደሚጋርድ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ የመደራረቡን ስሌት በወጉ ጽፈው አሳተሙት።

አልፋን ለመረዳት ከነጠላ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ነጠላ ይጋርዳልም፣ ያሳያልም። ሲሶ ያህል የሚጋርድ ከሆነ ከሸማው ነጭ አንድ እጅ፣ ከግንቡ ድንጋይ ሁለት እጅ ወስዶ መደመር ነው። ስሌቱ ይኸው ነው። ችግሩ ካሴታችን ላይ ነበር። ሚኒ ዲቪ ብርሃኑን በየነጥቡ ሲመዘግብ ቀለሙን ግን ለአራት ነጥብ አንድ እያደረገ ነው የሚይዘው። የነጠላው ጫፍ አይጥ የበላው የሚመስለው ለዚህ ነበር።

ለነገሩ ሥዕልን አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች የተሣሉት በጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። የተለጠፈ ደግሞ ይላጣል። በ1932 እ.ኤ.አ. ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳዮች የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ቡድን ጎንደር ሲሰነብት ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን አስነሥቶ ወሰደ። በምትካቸው አብሮ የመጣው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተተኩ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። እኔን የሚቆረቁረኝ ከመወሰዳቸው ይልቅ ቅጂዎቹ ናቸው። ግድግዳው ባዶውን ቢቀር የገባ ሁሉ “የት ሄዱ?” ብሎ ይጠይቅ ነበር። በደንብ የተለጠፈ ምስል ግን ጥያቄውንም ይሸፍነዋል። የእኔም ሥራ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ይህን ታሪክ ካነበብሁ ወዲህ በማቀናብረው ፎቶግራፍ ሁሉ ጀርባ “ከሁለት ፎቶ የተሠራ” ብዬ መጻፍ ጀመርሁ። ደንበኛ ግን አይወደውም።

አንድ ቀን ከወገራ የመጡ እናት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ልጃቸው ነው፤ ከጦርነት አልተመለሰም። አጠገባቸው እንዲቆም ፈለጉ። ከትከሻው በታች ስላልነበረው ሙሉ ልብስ የለበሰ የሌላ ሰው አካል ቀጠልሁለት። በፀጉሩ ጫፍ ላይ ሁለት ቀን ደከምሁ፤ መገጣጠሚያው አይታወቅም። በጀርባው ያለውን ጽሑፍ አነበብሁላቸው፤ ምንም አላሉም። ፎቶውን ግን አገላብጠው አዩና፣

“ልጄ፣ ይኼን ያህል ረጅም እኮ አልነበረም” አሉኝ።

“ምን ያህል ነበር፣ እማማ?”

እጃቸውን ከትከሻቸው ትንሽ ከፍ አድርገው ለኩልኝ። እዚያ ድረስ ዝቅ አደረግሁት።