የአዲግራት ድንጋይ በኦጋዴን፤ ካርታውስ የማን ነው?

የመቅደላን ዘመቻ ስናነሳ የአፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ፣ የተዘረፉትን ታቦታትና ብራናዎች እናስታውሳለን። ከዚያው ጦር ጋር መዶሻ ይዞ የገባውን ሰው ግን እምብዛም አናነሳውም።

ሰውየው ዊልያም ብላንፎርድ ይባላል። በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረው የህንድ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ጋር ወደ መቅደላ ዘመተ። በጦሩ መንገድ ያገኘውን የድንጋይ ንብብር መዝግቦ በ1870 ለንደን ላይ አሳተመ። ያወጣቸውን ስሞች በተራ ያነበበ የጦሩን ጉዞ ይከተላል፦ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌና የመቅደላ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች። ከዚያ ወዲህ አገራችንን ያጠኑ ባለሙያዎች እነዚህን ስሞች ወርሰዋል። ጣልያናዊው ዳይኔሊ የምሥራቅ አፍሪካን ጂኦሎጂ በ1943 ሮም ላይ ሲያሳትም ጦራቸው ከአዲስ አበባ ከተባረረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ጥናቱ ግን አልተባረረም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጂኦሎጂ ካርታ ጥቅሙ በአንድ ስፍራ ገደል ላይ የታየው ድንጋይ በሌላ ስፍራ ከምድር በታች የት ሊገኝ እንደሚችል ማመልከቱ ነው። በትግራይ አባቶቻችን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉበት የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ በኦጋዴን በሺህ በሚቆጠሩ ሜትሮች ጥልቀት ተቀብሮ ይገኛል። ድንጋዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ጋዝ ያጠራቅማል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብ ላይ ጋዝ ሲያገኝ፣ ጋዙን ካቀፉት ንብብሮች አንዱ ይኸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመጣ ሰው የተሰየመው ድንጋይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ መራራ ነው። ቴኔኮ ወጣ፤ በደርግ ዘመን ሶቪየቶች ቆፈሩ፤ ቀጥሎ ቻይናውያን መጡ። በሚያዝያ 2007 አቦሌ በሚገኝ የነዳጅ ፍለጋ ሰፈር ላይ ኦብነግ በከፈተው ጥቃት ከ70 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ ተገደሉ። ሠራተኞችን መግደል ወንጀል ነው። መንግሥት በምላሹ ያካሄደው ዘመቻ ደግሞ የአርብቶ አደሩን መንደሮች አቃጠለ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 ሰንዶታል። በ2013 ከቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ጋር ውል ተፈረመ፣ በ2022 ተሰረዘ፤ በ2025 የመጀመሪያው የካሉብ ጋዝ ማምረቻ ተመረቀ።

መንግሥታት ተለዋወጡ፣ ኩባንያዎች ተለዋወጡ። ከጉድጓዱ አጠገብ ግመል የሚያጠጣው ሰው ግን ከእግሩ በታች ያለውን ካርታ አሳይቶ ያማከረው ማን ነው? ልማትን አንቃወምም። የምንቃወመው ባለመሬቱ የመጨረሻው ሰሚ መሆኑን ነው። የብላንፎርድን መጽሐፍ ዛሬ ማንም በኢንተርኔት ከፍቶ ያነባል። የካሉብ ጉድጓዶች መዝገብና ውሎቹም እንዲሁ ለማንም ይከፈቱ ዘንድ እንጠይቃለን፤ በሶማሊኛም በአማርኛም።