የቤት ቍጥርና የቤት ምስጢር በአዲስ ከተማ

ኢጣልያ በወረረችን ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአገሬውን ነጋዴ ከአራዳ ገበያ አንሥታ ወደ ምዕራብ ስታሰፍር፥ ዓላማዋ ነጭን ከጥቍር ለመለየት ነበር፤ መርካቶም በዚህ ተመሠረተ። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የተከለለው ሠፈሩ እንጂ የየቤቱ ጓዳ አልነበረም።

ጓዳው የተቈጠረው ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቍጥር 47፥ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌ አስረከበ። ቀበሌውም የነዋሪውን ስምና የቤተ ሰቡን ብዛት መዘገበ፤ መታወቂያም ሰጠ። ሕዝቡ ይህን ያለ ብዙ ማጕረምረም ተቀበለ፤ ስኳሩም የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ ነበርና። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ግን፥ ነዋሪውን ከእንግዳው መለያው ይኸው የቀበሌ ወረቀት ሆነ። እንግዳ ማሳደር፥ የቀድሞው ክብር፥ የሚያስጠይቅ ነገር ሆነ።

ጆሮ ጠቢ ከዚያም በፊት ነበረ። ዳሩ ግን ጆሮ ጠቢ ይረሳል፥ ይሞታልም፤ መዝገብ ከጸሐፊው በኋላ ይኖራል።

የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቤት ያለ ሕግ እንዳይበረበር ደንግጎ ነበር፤ የ1987 ዓ.ም.ም በአንቀጽ 26 ይህንኑ አጸና። በ2015 ዓ.ም. የታወጀው ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራንና የዐይን ብሌንን ይመዘግባል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ወጣ። የአዲስ ከተማ ታሪክ እንደሚያስረዳን፥ ለስኳር የተከፈተ መዝገብ ለአሰሳ ሊገለጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሕግ አጥብቆ መጠበቅ ያለበት መዝገቡን ነገ የሚገልጠውን እጅ ነው።