አንድ አስተማሪ፣ ብዙ ተማሪ፦ ከጭላሎ ማሳ የተረፈ ትምህርት

ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ከሆነ ጥያቄው አዲስ አይሆንባችሁም፦ ሰዓቱ ከየት ይምጣ? አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳና ሰባ ተማሪ፣ ጠረጴዛ ላይ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ክምር፣ በዚያ ላይ ምርምሩ፣ በዚያ ላይ ስብሰባው። ጊዜ የመቆጠቢያ ምክር እንደሆነ ሞልቷል። እስቲ ዛሬ ምክሩን ትተን አንድ ታሪክ እንመልከት። ታሪኩ የሆነው አሰላ ላይ ነው፤ ተማሪዎቹም ገበሬዎች ነበሩ።

በ1960 ዓ.ም. መባቻ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጋራ ጭላሎ አውራጃ ላይ አንድ የልማት ድርጅት አቋቋሙ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ሲሆን ሰው የሚያውቀው "ካዱ" በሚለው አጭር ስሙ ነው። ዓላማው የአርሲ ደጋ ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ እንዲጠቀም፣ ብድርና ገበያ እንዲያገኝ፣ ኑሮው እንዲሻሻል ነበር። ከአሰላ በስተሰሜን ያለው የቁሉምሳ ምርምር ጣቢያ የስንዴ ዝርያዎችን ይፈትሻል፤ አሰላ ላይ ማረሻና ሌላም የእርሻ መሣሪያ ይሞከራል። እውቀቱ አለ። ግን ለገበሬው ሁሉ ማን ያድርሰው? ያሉት የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጥቂት ናቸው፤ አውራጃው ሰፊ፣ መንገዱም በክረምት ጭቃ።

ካዱ ያገኘው መላ ቀላል ነበር። በየአካባቢው ሞዴል ገበሬዎች ይመረጣሉ። ሠራተኛው እነሱን ያስተምራል፣ ሰርቶ ማሳያ ያዘጋጃል፤ ጎረቤት ደግሞ ከሞዴል ገበሬው ማሳ አይቶ ይማራል። አንድ ሰው መቶ ቤት ከሚያንኳኳ ጥቂቶቹን አስተምሮ ቀሪውን ለእነሱ ይተዋል ማለት ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ያውቀዋል፦ ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ያስጠናል፤ የኔታም ትንፋሽ ያገኛሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማድራስ ላይ ያስተምር የነበረው አንድሩ ቤልም ይህንኑ ዘዴ ይዞ ወደ እንግሊዝ ተመልሷል።

ታዲያ ጭላሎ ላይ ሠራ? በአንድ በኩል በደንብ ሠርቷል። በመጀመሪያው ዓመት የካዱን ብድር የወሰዱት ገበሬዎች ሁለት መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ቁጥራቸው ከ10,000 አለፈ። የስንዴ ምርትም ጨመረ።

በሌላ በኩል ግን ያልታሰበ ነገር መጣ። አዲሱን ዘዴ ቶሎ የያዘው ቀድሞውኑ መሬትና አቅም የነበረው ነው። ስንዴ ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ራሳቸው ማረስ ጀመሩ። የመሬት ኪራይ ናረ፤ ብዙ ጭሰኛም ሲያርስ ከኖረበት መሬት ተፈናቀለ። ካዱ ችግሩን አልሸሸገም፤ በራሱ ጥናቶች መዝግቦታል፣ ሰፊ መሬት ያላቸውንም ከብድሩ ለማስወጣት ገደብ አበጅቷል። ነገር ግን የጭሰኛው ችግር የእውቀት ማነስ ስላልነበር በማስተማር ብቻ አልተፈታም። መሬት የመላው ሕዝብ ነው የሚለው አዋጅ የወጣው የካቲት 1967 ዓ.ም. ነው።

ይህ ከፈተና እርማት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ጊዜ ለመቆጠብ ብለን ከምናደርገው ብዙው የካዱ መላ ራሱ ነው። ተማሪዎችን በቡድን እናደራጃለን፤ ጎበዙን መሪ እናደርጋለን፤ ቀሪዎቹን እሱ ያስረዳቸዋል ብለን እናስባለን። "አንድ ለአምስት" ሲባል የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? ጎበዙ የቤት ሥራውን ብቻውን ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። መምህሩ ሰዓት አተረፈ፤ ልዩነቱ ግን ሰፋ።

ስለዚህ ዘዴውን እንጣለው? አይደለም። የኔታን ልብ በሉ፦ ታናሹን ታላቁ ቢያስጠናውም፣ የኔታ ልጁን ጠርተው ራሳቸው ያስነብቡታል። የቡድን ሥራ ሲቀርብ መሪው ሳይሆን በዕጣ የወጣው ተማሪ ያስረዳ። ያን ጊዜ መሪው ለማስረዳት፣ ሌላውም ለመረዳት ምክንያት ይኖረዋል።

እርማትንም እንደዚሁ በስሌት እንየው። 120 ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ቢወስድ 20 ሰዓት ነው። ስህተት ግን ይደጋገማል። መጀመሪያ 15 ያህሉን አንብቡና የተለመዱትን ስህተቶች ቁጥር ሰጥታችሁ ከነማብራሪያቸው በአንድ ገጽ ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ አስፍሩ፤ ገጹን ለሁሉም አድሉ። አንዱ ወረቀት በአማካይ 4 ደቂቃ ቢወስድ ጠቅላላው 8 ሰዓት ይሆናል፤ 12 ሰዓት ተረፈ።

ዋናው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ የተረፈው ሰዓት ለማን ይሁን? ከ12ቱ ሦስቱን ብቻ ውሰዱና ዝቅተኛ ውጤት ካመጡት 12 ተማሪዎች ጋር 15 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ ተቀመጡ። ቀሪው 9 ሰዓት የእናንተ ነው፤ ዕረፍትም ይሁን ምርምር። አንዱ ቋንቋው ከብዶት ይሆናል፣ ሌላው መጽሐፍ የለውም፣ ሌላዋ ማታ እየሠራች ነው የምትማረው። ይህን ደግሞ የቡድን መሪ አይነግራችሁም።

አሰላ ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡት መካከል የእነዚያ ሞዴል ገበሬዎች የልጅ ልጆች ይኖራሉ፤ የተፈናቀሉት ጭሰኞች የልጅ ልጆችም እንዲሁ። የምትቆጥቡት ሰዓት ለሁለቱም ይድረስ።